እማየ ያየችው ቪዲዮ

ቆቦ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለፈሪሀ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱሏሂ ወበረካቱህ። እማየ፣ ባለቤቴ ዘሊካና ልጆቹ ባሕር የሚሻገር ሰላምታ ይልኩልሻል። አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፣ የሰው እጅ አያሳይሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን ብየ ልጀምር ነበር። ግን የምጽፍልሽ ደኅና ስላልሆንን ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ እማየ ስለምትሰማ ነው። ቤታችንን ታውቂዋለሽ፤ አንዱ ሲያወራ ሁሉም ይሰማል። ኢንተርኔት ከጠፋ ወራት ሆኖታል፣ ስልኩም ሁለት ቃል ሳንነጋገር ይቆረጣል። ስለዚህ ልብስ ለማምጣት ወደ ጅዳ ለሚመላለሰው ለሰላሁዲን ይህን ደብዳቤ ሰጥቸዋለሁ።

እማየ ከመስከረም ጀምሮ እግሯ እያበጠ ጫማ አልገባላት አለ። መጀመሪያ ሙቀቱ ነው አልን። ቆይቶ ጧት ጧት ፊቷ ያብጥ ጀመር፣ ምግብ ሸተታት፣ ጋደም ስትል ትንፋሽ አጠራት። እዚህ መረመሯትና ወደ ደሴ ጻፉልን። ደሴ ሦስት ቀን ቆየን። ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ ሊያቆሙ ምንም አልቀራቸውም አሉን። ልቧም ደክሟል።

ዶክተሩ ሁለት መንገድ እንዳለ ነገራት። አንዲት ነርስ ደግሞ ስለ ሁለቱ መንገዶች በታብሌት ቪዲዮ አሳየቻት። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

አሁን ለመድኃኒትና ለመመላለሻ የምትችይውን ብትልኪልን። ገበሬው ማሽላው ላይ ስለሆነ የውሃ ፓምፕ የሚያስጠግን የለም፤ እጄ ላይ ሥራ የለኝም። አትደንግጪ። ብትደነግጪም ብቻሽን ሆነሽ አትደንግጪ።

ወንድምሽ ከማሉዲን


ጅዳ፣ ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድምዓለም ለከማሉዲን፣

ወዓለይኩም ሰላም ወራህመቱሏሂ ወበረካቱህ። አላህ ለእማየ ሙሉ ዓፊያ ይስጣት። አንተንም ለቤትህ ያቁምህ። ደብዳቤህ ከወር በላይ በመንገድ ቆይቶ ደረሰኝ። ሳነበው የማጸዳው ወለል ላይ ተቀመጥኩ፤ ባልዲው አጠገቤ እያለ ውሃው እስኪቀዘቅዝ አልተነሳሁም።

ገንዘቡን ልኬአለሁ፣ የአክስታችን ልጅ መንሱር ከአዲስ አበባ ያደርስልሃል። ደም የሚያጥበውን ማሽን ዛሬውኑ አስጀምሯት። እዚህ የማውቃት አንዲት ሱዳናዊት አባቷ ለስድስት ዓመት ደሙ በማሽን እየታጠበ ኖሯል። ሰው በአንድ ኩላሊትም ይኖራል ይላሉ። የእኔን ውሰዱላት። ይህን የምልህ ለወግ አይደለም፣ ዶክተሩን ጠይቀው።

እኔም ማዳሜ ፈቃድ ስትሰጠኝ እመጣለሁ፤ ኢንሻአላህ ከሁለት ወር በኋላ።

ስለ ቪዲዮው የጻፍከው አልገባኝም። ሐኪም ያክማታል እንጂ ቪዲዮ ምን ያደርግላታል? ምን እንዳሳዩዋት ንገረኝ።

እህትህ ፈሪሀ


ቆቦ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፈሪሀ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ሐሳብሽን ያቅልልሽ። የላክሽው ደርሶናል፣ እጅሽ ይባረክ። ስለ ኩላሊትሽ ዶክተሩን ጠይቄው ነበር። በእሷ ዕድሜና በደከመ ልቧ እንዲህ ያለው ቀዶ ጥገና አይሆንም አለኝ።

እማየ ደኅና ናት። መድኃኒቷን ትወስዳለች። ፀሐይ ሲበርድ ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች። ማሽላው ገብቷል፣ ዘንድሮ ወፍ ብዙም አልጎዳውም። ትንሹ ልጄ ሁለት ጥርስ አውጥቷል።

ከእንግዲህ ገንዘብ አትላኪ። ያለው ይበቃታል።

ከማሉዲን


ጅዳ፣ ጥር 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለከማሉዲን፣

ሰላም ይድረስህ። ዱዓውን አሳጥሬዋለሁ፣ ይቅር በለኝ። እጄ አልጽፍ ብሎኛል።

"ያለው ይበቃታል" የምትለውን ቃል ሃያ ጊዜ አነበብኩት። ለስንት ቀን ነው የሚበቃት? የታመመ ሰው ያለበት ቤት "አትላኪ" ሲል ሁለት ነገር ብቻ ነው የማውቀው፤ ወይ ድኗል፣ ወይ አልቋል። ዳነች አላልከኝም። ስለ ማሽላውና ስለ ወፍ ጻፍክልኝ። ስለ ማሽኑ ግን አንድ ቃል የለም።

ከማሉ፣ የአባየን ሞት የነገራችሁኝ ከአራት ወር በኋላ ነበር። በደወልኩ ቁጥር "መስጊድ ሄዷል" ትሉኝ ነበር። ሰው አራት ወር ሙሉ መስጊድ አይውልም፤ እኔ ግን አመንኳችሁ። ረመዷን ስለሆነ ነው እያልኩ ለራሴ እነግረው ነበር። አሁን "እማየ ተኝታለች" ስትለኝ መሬት ውስጥ ትሁን አልጋ ላይ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ደውየ ዘሊካ "እየሰገደች ነው" ብላኝ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

መርዶ በሩቅ አይነገርም የሚለውን ደንብ አውቀዋለሁ። ለማን እንደሚበጅ ግን አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። እማየን በስልክህ ቅረጻትና በሚሞሪ አድርገህ በሰላሁዲን ላክልኝ። ከአፏ ልስማ። ቀኑን ትናገር። የትንሹን ልጅህን ጥርስ ቁጥርም ትናገር። ድሮ የተቀዳ እንዳይሆን።

በሕይወት ካለች ደግሞ ማሽኑ ላይ ለምን እንዳላወጣሃት ንገረኝ። አንተ ነህ የወሰንክላት?

ፈሪሀ


ቆቦ፣ የካቲት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፈሪሀ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱሏሂ። የፈራ ልብሽን አላህ ያሳርፈው። እማየ አለች። ወላሂ አለች። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ናት፣ ምን እንደምጽፍም ታውቃለች። ደብዳቤሽን አንብብልኝ ብላ ከእጄ ልትነጥቀኝ ደረሰች። አነበብኩላት። "ልጄን በቁሟ ገደላችኋት፤ ሁሉንም ንገራት" አለችኝ። ስለዚህ ሁሉንም ልንገርሽ።

ደሴ በሁለተኛው ቀን ዶክተሩ ኩላሊቷ እንዴት እንደሆነ ሊያስረዳት ተቀመጠ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሳይቸኩል ነው የነገራት። እማየ ግን ግማሹ አልገባትም። አንድ ጊዜ አስደገመችው፣ ሁለተኛ አስደገመችው። ከዚያ "ልጄ፣ እኔ ከአፋር ነጋዴ ጋር ጨው ስገበያይ ሠላሳ ዓመት ኖሬአለሁ። ቋንቋቸውን ሳልሰማ አንድ ቀን አልተታለልኩም፤ ዕቃውን በዓይኔ አያለኋ። አንተም አሳየኝ" አለችው።

ዶክተሩ ሲስተር ቤተልሔምን ጠራት። ነርሷ ታብሌት ይዛ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "እማማ መይሙና፣ የሚያስፈራ ነገር አለበት። በፈለጉ ጊዜ አቁሚ ይበሉኝ" አለቻት።

ቪዲዮው አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። መጀመሪያ አንዲት ሴትዮ እጥበት ስታደርግ ያሳያል። መርፌው ሲገባ፣ ደሟ በቱቦ ወጥቶ ማሽን ውስጥ ሲዞርና ሲመለስ ይታያል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት። ሴትዮዋ ራሷ ትናገራለች፤ "የእጥበቱ ቀን እንደ ሞተ ሰው ነኝ፣ በማግስቱ ግን ከልጆቼ ጋር እበላለሁ፤ አራት ዓመት ኖሬበታለሁ" ትላለች። ደሙን ሳየው ተነስቸ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ይዠ ቆምኩ። ወንድምሽ ይኸው ነው፤ እሷን ብቻዋን ትቸ ወጣሁ።

ስመለስ ሁለተኛው ክፍል ላይ ነበሩ። ማሽኑን ያልፈለገ አንድ ሽማግሌ ቤቱ ተኝቷል። ልጁ ጀርባውን ትደግፈዋለች። ነርስ ቤቱ ድረስ እየመጣች ታየዋለች። የሚተርከው ድምፅ አልደበቀም፤ እንዲህ የሚኖር ሰው ወራት፣ አንዳንዱም ከዚያ ያነሰ እንደሚቆይ፣ እንደሚያሳክከው፣ እንቅልፍ እንደሚበዛበት፣ መጨረሻ ላይ ትንፋሽ እንደሚከብድ ይናገራል። ለትንፋሹ የሚሰጠውን ሽሮፕም ያሳያል። መጨረሻው ላይ ሁለቱም መንገድ የሰው ምርጫ እንደሆነ፣ የመረጠም ሰው በማንኛውም ቀን ሐሳቡን መለወጥ እንደሚችል ይላል።

እማየ "ድገሚው" አለች። ሁለተኛም እስከ መጨረሻው አየችው። ከዚያ ዶክተሩን ጠየቀችው፤ "እንደኔ ልቡ የደከመ፣ ሰባ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው ማሽኑ ላይ ምን ያህል ይቆያል?" ዶክተሩም እርግጡን እንደማያውቅ፣ ቤቱ ከተኛው ሰው ብዙም ላይበልጥ እንደሚችል፣ ማሽኑ ላይ እያለችም ልቧ ሊያስቸግራት እንደሚችል ነገራት። ከፈለገች አንድ ወር ሞክራ ማቆም እንደምትችልም ነገራት።

ለእጥበት ደሴ መኖር አለባት። መንገዱ ዛሬ ክፍት ሆኖ ነገ ይዘጋል። እማየ "ቤቴ" አለች። ይህችን አንዲት ቃል ብቻ።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። "ቤቴ" ስትል ልቤ ቅልል አለው። ለአንድ አፍታ፣ ውሃ እንደጠጣ ሰው። የመመላለሱ ነገር፣ የደሙ ነገር፣ ሁሉ ከላየ ወረደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ራሴን እፈራለሁ። አንቺ "አንተ ነህ የወሰንክላት?" ስትይኝ ራሴን ስጠይቅ የከረምኩትን ነው የጠየቅሽኝ። አልወሰንኩላትም። ግን አልተከራከርኳትም።

ያልነገርኩሽ "ፈሪሀ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፣ አትንገራት" ብላ ስላስማለችኝ ነው። አሁን መሐላውን አንስታልኛለች።

ሰላሁዲን የሚሰጥሽ ሚሞሪ ላይ ሁለት ቪዲዮ አለ። አንደኛው ሲስተር ቤተልሔም ፈቅዳ የሰጠችኝ ያ የሐኪም ቤቱ ነው። ሁለተኛው እማየ ናት።

ከማሉዲን


ጅዳ፣ መጋቢት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድምዓለም ለከማሉዲን፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱሏሂ ወበረካቱህ። የረመዷኑ እዝነት በእማየ ላይ፣ በቤታችሁም ላይ ይውረድ።

መጀመሪያ የእማየን አየሁ። ከስታለች። ድምጿ ግን ያው ነው፣ ገበያ ላይ ሰው የምትጠራበት። "ዛሬ ቅዳሜ የካቲት ዘጠኝ ነው። የልጁ ጥርስ አራት ሆኗል። አለሁ" አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠግታ "አንቺስ መቼ ነው የምትመጪው? ቀኑን ንገሪኝ፤ ኢንሻአላህ ብቻ አትበይኝ" አለችኝ። ቪዲዮው እዚያ ላይ አለቀ።

ሁለተኛውን ለማየት ሦስት ቀን ፈራሁ። አብረውኝ የሚኖሩት ሴቶች ከበውኝ ነው ያየሁት። ደሙ ሲዞር አንደኛዋ ፊቷን ሸፈነች። እኔ አልሸፈንኩም፤ እማየ ሁለት ጊዜ ካየችው እኔ አንድ ጊዜ ማየት አያቅተኝም አልኩ። የሽማግሌው ልጅ በጥጥ ውሃ ነክራ ከንፈሩን ስታርስለት ሳይ ነው ያለቀስኩት። ማሽኑን ከዚህ በኋላ አልጠይቅህም። ልብህ ቀለለው ብለህ የጻፍከውንም አልቆጥርብህም። የእኔ ልብ ምን እንደሚል ብትሰማ ትደነግጣለህ።

"አብረውኝ የሚኖሩት ሴቶች" ስልህ ገርሞህ ይሆናል። ማዳም የለችኝም፣ ከማሉ። ከአሠሪየ ቤት ከወጣሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ደመወዜን ከልክለውኝ ነው የወጣሁት። የመኖሪያ ፈቃዴ አልፎበታል፤ በየቀኑ ሌላ ቤት እያጸዳሁ አድራለሁ። ፖሊስ ባየሁ ቁጥር መንገድ እለውጣለሁ። "ከሁለት ወር በኋላ" ያልኩህ ውሸት ነበር። ሕጋዊ ሆኘ የምወጣበት በር የለኝም።

አንድ መንገድ ብቻ አለ። ተርሂል፣ ሕገወጥ የተባለ ሰው እስኪሸኝ የሚታጎርበት ግቢ፣ ሂጄ እጄን እሰጣለሁ። አንዳንዱ በሁለት ሳምንት ይወጣል፣ አንዳንዱ ወራት ይከርማል። ሙቀቱንና ጭንቅንቁን የቀመሱት ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ግን ለእማየ ቀን ልነግራት ይገባል። እሑድ መጋቢት አሥራ አምስት እገባለሁ በላት። የምወጣበትን አላህ ያውቃል።

ስልኬን ይቀበሉኛል። ውስጥ እያለሁ እማየ የሆነ ነገር ብትሆን አልሰማም። አንድ ቃል ግባልኝ። አዲስ አበባ ስደርስ ከሰው ፊት ላይ እንዳላነበው። "ደክሟታል፣ ቶሎ ድረሺ" እያሉ ቆቦ ድረስ በተስፋ እንዳያስኬዱኝ። የሆነውን፣ እንደሆነው፣ በእጅህ ጽፈህ ለመንሱር ስጠው።

ፈርቻለሁ። ዱዓ አድርጉልኝ።

እህትህ ፈሪሀ


ቆቦ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

በመንሱር እጅ ለእህቴ ለፈሪሀ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱሏሂ ወበረካቱህ። ይህን ካነበብሽ ወጥተሻል፤ ከዚያ ግቢ በሰላም ላወጣሽ ለአላህ ምስጋና ይግባው። ተቀምጠሽ አንብቢው። መንሱር ከክፍሉ ይውጣልሽ ወይም አብሮሽ ይሁን፤ እንደፈቀድሽ።

እማየ ሰኞ ሚያዝያ ሰባት ከዐስር ሶላት በኋላ አረፈች። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ሽማግሌዎቹ እንዲህ አይጻፍም ብለውኛል። ቃል ግባልኝ ስላልሽኝ ነው የጻፍኩት። እንዴት እንደሆነ ደግሞ ሳልደብቅ ልንገርሽ።

ደብዳቤሽ የደረሰን ከገባሽ በኋላ ነው። አነበብኩላት። ሥራዋን ጥላ ትመጣለች ብላ ፈርታ እንደነበር ታውቂያለሽ። ማዳምም ሥራም እንደሌለሽ ስትሰማ እንደገና አስነበበችኝ። ከዚያ "ሁለታችንም ስንዋሽ ከረምን" አለችና ቀኑን በጣቷ ትቆጥር ጀመር።

ከዒዱ በኋላ ዓርብ ጧት ትንፋሽ አጠራት። ከዚህ በፊት እንዲያ አልሆነችም። ዓይኗ ፈጦ፣ እጄን እስኪያመኝ ጨምቃ "መኪና ጥራ። ደሴ ውሰደኝ። ማሽኑ ላይ አውጡኝ" አለችኝ። ዘሊካ ልጆቹን ይዛ ጎረቤት አስገባቻቸው። እኔ በባጃጅ መናኸሪያ በረርኩ። ሚኒባሶቹ ቆመዋል፤ መንገዱ ወደ ወልድያ በኩል ተዘግቷል አሉኝ። አንዱን ሾፌር ለመንኩ፣ እምቢ አለ፤ ሁለተኛውን እግሩን ያዝኩት። ሮቢት ድረስ እንሞክር፣ ከዚያ እናያለን ብሎ ተከተለኝ።

በመንገድ ላይ ለሲስተር ቤተልሔም ደወልኩ። አንድ ጊዜ ተቆርጦ በሁለተኛው ገባልኝ። "ሐሳቧን መለወጥ ትችላለች። መንገድ ካገኘህ አምጣት፣ እንቀበላታለን" አለችኝ። "አሁን ግን ቀና አድርገህ አስቀምጣት፣ ሽሮፑን በነገርኩህ ልክ ስጣት፣ መስኮት ክፈት። ትንፋሿ ሲመለስ ራሷን ጠይቃት። አንተ እንዳትመልስላት" አለችኝ።

እንደነገረችኝ አደረግን። ዘሊካ ከኋላዋ ሆና ደገፈቻት። መኪናው ደጃፍ ላይ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሟል። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቆይ ትንፋሿ ተመለሰና እጇ ከእጄ ላላ። ልጠይቃት ፈራሁ፣ ፈሪሀ። ሂድ ብትለኝ መንገዱን ፈራሁ፤ ተው ብትለኝ ደግሞ ያን የቀለለውን ልቤን ፈራሁ። ቢሆንም ጠየቅኋት። "እማየ፣ መኪናው ደጅ ነው። እንሂድ?"

"ያን ቪዲዮ አምጣው" አለች።

በስልኬ ከፈትኩላት። ሴትዮዋን አየቻት፣ መርፌውን አየችው። ሽማግሌው ሲመጣ ረጅም ጊዜ ተመለከተችው። በዚህኛው ጊዜ እኔም አልወጣሁም፤ ከአጠገቧ ሆኘ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየሁት። ሲያልቅ ስልኩን መለሰችልኝና "ፈርቸ ነው እንጂ ሐሳቤን አልለወጥኩም። ሰውየውን አትያዘው፣ ይሂድ" አለች። ወጥቸ ሾፌሩን አሰናበትኩት። የመጣበትን ሊቀበለኝ አልፈለገም፤ "እኔም እናት አለችኝ" ብሎ ሄደ።

ሦስት ቀን ቆየች። ብዙውን ተኝታ ነው። ጎረቤት ለዚያራ እየመጣ ይቀመጣል፣ ዱዓ አድርጎ ይሄዳል። ሽሮፑ ትንፋሿን ያረጋጋላት ነበር። ፍርሃቱ አንድ ጊዜ ተመልሶባታል፣ እሑድ ማታ፤ እጇን ይዠ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። አልፏል።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ዘሊካ በጥጥ ከንፈሯን ስታርስላት ዓይኗን ከፍታ አየቻትና "ፈሪሀ?" አለቻት። ዘሊካ "አቤት እማየ" አለች። አይደለሁም አላለችም። "መጣሽ?" አለቻት። "መጣሁ እማየ" አለች። ከዚያ በኋላ ሌላ አልተናገረችም። ዘሊካ ይህን ባደረገች ጊዜ እንደሰረቀችሽ ነው የሚሰማት፤ ከዚያ ጀምሮ ስሟን ብንጠራትም ደንግጣ ነው አቤት የምትለው። አንቺ ካልፈረድሽባት ንገሪያት።

የቀበርናት በማግስቱ ከአባየ ጎን ነው።

መንሱር እስከ ቆቦ ያመጣሻል። መናኸሪያው ላይ ለቅሶ እንዳይጠብቅሽ ሁሉንም ከልክያለሁ። እዚያ የምታገኝኝ እኔን ብቻ ነው። እስከ ቤት በእግራችን እንሄዳለን፣ የፈለግሽውን ያህል እናዘግማለን። አንድ ነገር ብቻ እፈራለሁ፤ ስታይኝ ምን እንደምትይኝ። የምትይኝን ሁሉ በይኝ። ብቻ ነይ።

ወንድምሽ ከማሉዲን